የሐረገ ወይን ጥላሸት

በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ፣ ከመርፌ ክፍሉ ቀጥላ ባለችው ጠባብ ክፍል ደጃፍ የሚሰለፉት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዶቹ የተማሪ ቤት ልጃገረዶች ናቸው፤ ፀሐዩ እየከረረም ቢሆን አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ እየተጎሻሸሙ ይመጣሉ። ሌሎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ተረከዛቸውን በጨርቅ አስረው እያነከሱ ይመጣሉ። ልጃገረዶቹ ንቅሳት ሊያስጠፉ፣ ገበሬዎቹ ነቀርሳ ሊያስቆርጡ ነው። ሁለቱንም የሚያየው አንድ ሰው ነበር፤ ዶክተር ይርጋ ወልደማርያም፣ የቆዳ ሐኪም።

የቆዳ ሐኪም የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም ነበር። የወረዳው ሹም አንድ ቀን በሰው ፊት፣ “ጓድ ዶክተር፣ አገሩ በወባ ሲያልቅ እርስዎን ባሕር ማዶ ልከው የላይ የላዩን ብቻ አስተማሩዎት?” ብሎ አስቆበታል። ይርጋ አልተቀየመም። የሹሙን እጅ ያዘና ወደ ብርሃን አዞረው። “ይህን ያዩታል? ይህ የላዩ ነው፤ በየወሩ እየረገፈ ይታደሳል። ከሥሩ ያለው ግን አይረግፍም፤ የተጻፈበትን ይዞ ይኖራል። ጠባሳም ንቅሳትም የሚቀመጠው እዚያ ነው” እያለ እስኪሰለቸው ድረስ አስረዳው። ሹሙ እጁን ማስለቀቅ አቅቶት ነበር።

ይህ ፍቅር የመጣው ከአባቱ ነው። መምህር ወልደማርያም እዚያው እስቴ ውስጥ ብራና ፋቂና ጸሐፊ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ነክረው፣ በእንጨት ወጥረው፣ ጠጉሩን ከላይ ሥጋውን ከታች እየፋቁ፣ መካከለኛውን ብቻ ያስቀራሉ። በዚያ ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት ነበር። ልጁ ይርጋ ከአጠገባቸው ተቀምጦ፣ ከቆዳው የትኛው እንደሚጣልና የትኛው እንደሚቀር እየጠየቀ አደገ። ሕክምና ተምሮ፣ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የቆዳ ካንሰር ቀዶ ጥገና ሲያጠናም ደስታው ያው የልጅነቱ ደስታ ነበር። ሲመለስ ወደ ትውልድ አገሩ መደቡት። ሌላው ቢሆን ቅጣት ይለው ነበር፤ እሱ ግን ሳጥኑን አንጠልጥሎ እየሳቀ ገባ።

ንቅሳት አጠፋፉ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ቦታውን በማደንዘዣ ወግቶ፣ በደቀቀ ጨው እያሸ፣ የላዩ ቆዳ ተነሥቶ የሥረኛው እስኪቀላ ድረስ ይፍቃል። ቁስሉ ሲሽር ቀለሙ ደብዝዞ ይቀራል። ጨርሶ አይጠፋም። ልጃገረዶቹ ግን ለመደብዘዙም ያመሰግናሉ፤ በልጅነታቸው እናቶቻቸው ለውበት ያስነቀሷቸው የአንገት ቀለበት፣ ተማሪ ቤት ሲገቡ መሳለቂያ ሆኖባቸዋልና። በገበሬዎቹ ተረከዝ ላይ የሚወጣው ጥቁር እባጭ ግን ሌላ ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁሩት ሕዋሳት አንዳንዴ ልጓም ይበጥሳሉ፤ መጀመሪያ በወጡበት ይሰፋሉ፣ ቀጥሎ በብሽሽትና በአንገት ወዳለው ንፍፊት ይወርዳሉ፣ ከዚያ ጉበትና ሳንባ ይገባሉ። ይርጋ የሚሽቀዳደመው ከሁለተኛው እርምጃ ጋር ነው። እባጩ ንፍፊት ሳይደርስ ከደረሰበት፣ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ሰውየውን ወደ እርሻው ይመልሰዋል። ካለፈው ግን፣ በዚህች ክፍል፣ በማደንዘዣ መርፌና በአንድ ነርስ የሚሠራው ነገር የለም።

ውባለም የመጣችው በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ነው። ከስማዳ፣ ከወገዳ አጠገብ፣ በበቅሎ አድራ ነበር የደረሰችው። ባሏ ጓዴ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል። አብረዋት የመጡት እናቷ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ናቸው፤ የውባለምን ጡት ያልጣለች ልጅ፣ አይናለምን፣ አዝለዋል። ሐረገ ወይን በስማዳ የታወቁ ነቃሽ ናቸው። የልጃቸውን አንገት የነቀሱትም ራሳቸው ናቸው፤ እኩል እኩል የተሰደሩ ሦስት ቀለበቶች፣ ከታች ትናንሽ መስቀሎች። ይርጋ እንዲህ ያለውን ማጥፋት ሥራው ቢሆንም፣ ሲያየው ሳያደንቅ አላለፈም።

በውባለም መንጋጋ ላይ፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ጥቁር ምልክት አለ።

“ማርያም የሳመቻት ናት” አሉ ሐረገ ወይን። “ስትወለድ ጀምሮ ነበረች። የሽንብራ ፍሬ አታክልም ነበር።”

“አሁን ግን አድጋለች።”

“ማርያም ደግማ ስማት ይሆናላ!”

“እማ ደግሞ!” አለች ውባለም። “ማርያም ብትሆን እንዲህ ታሳክከኝ ነበር? ነጠላ ሲነካትም ትደማለች፣ ዶክተር።”

ይርጋ ምልክቷን በአጉሊ መነጽር አየ። ጠርዟ ተሸርፏል፤ ቀለሟ በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላው ግራጫ ሆኗል። ከዚያ ጣቶቹን በንቅሳቱ ላይ እያንሸራተተ አንገቷን ዳሰሰ። ከመንጋጋዋ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታክል ንፍፊት ጣቱ ሥር ተንከባለለች።

“ምልክቷ መቆረጥ አለባት” አላት። “ጠባሳ ይተዋል። አፍሽም በዚያ በኩል ትንሽ ይጣመም ይሆናል።”

“ይጣመም” አለች ውባለም። “ይቺን ልጅ ላሳድግበት እንጂ፣ ጓዴ እንደሆነ ቢመለስ በጠማማውም ይስመኛል።”

ነርሷ አሰለፈች ሳቀች። ሐረገ ወይን አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

“መጀመሪያ ግን ይቺን ንፍፊት ማየት አለብኝ” አለ ይርጋ። “ንጹሕ ከሆነች ምልክቷን እቆርጣለሁ፤ የመዳን ተስፋሽ ትልቅ ነው። ካልሆነች እንነጋገራለን።”

በማግሥቱ ጧት፣ አንገቷን አደንዝዞ፣ ከላይኛው የንቅሳት ቀለበት ጎን ቆዳዋን ከፈተ። ንፍፊት በጤናዋ ገርጣ ያለች ናት፤ ያበጠ ባቄላ ነው የምትመስለው። የወጣችው ግን ጥቁር ነበረች። ለሁለት ሰነጠቃት፤ ውስጧም ከሰል ነው። በተማረበት ሆስፒታል ጥቁር ምልክት ካለው ሰው ጥቁር ንፍፊት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ አልነበረም። ካንሰሩ ወርዷል ማለት ነው። እዚያ አገር አንገቱን የተነቀሰ ሰው አይቶ አያውቅም።

ቁስሉን ሰፋ። አሰለፈች ውጭ ድረስ ተከትላው ወጣች።

“ማርያም የሳመቻትንስ አንቆርጣትም?”

“ለምን ፊቷን አበላሻለሁ?” አለ። “ካለፈ አልፏል። ለቀራት ጊዜ ፊቷ ይኑራት።”

ይህን ያለው በርኅራኄ ነው። መልክ የተበላሸበትን ሰው ሐዘን ከሌላው ሐኪም ይልቅ እሱ ያውቃል፤ ግማሽ ሥራው ያ ነው።

ነገሩን እንደ አገሩ ወግ ለእናት ነገረ። “አንገቷ ውስጥ ጠቁሮ ቆየኝ፤ ገብቷል። አዲስ አበባም ብትወስዷት የሚለወጥ ነገር የለም። በመንገድ አታንገላቷት። ቤቷ፣ ከልጇ ጋር ትሁን።” ሐረገ ወይን አላለቀሱም። የጥላሸት ጥቁረት ከጥፍራቸው ሥር ያልለቀቀውን ጣታቸውን እያዩ፣ “ጠቁሮ?” ብቻ አሉ። ውባለም ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ ማንም ምንም ሳይነግራት፣ ነገሩን ከእናቷ ፊት አነበበችው። ንፍፊቷ በፎርማሊን ጠርሙስ ተደርጋ፣ ከሌሎቹ ጠርሙሶች ጋር መስኮቱ ላይ ተቀመጠች። ይርጋ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ አልላካትም። ጥቁር ናት፤ ምን ይመረመራል?

ክረምቱ ወጣ። ኅዳር ሲገባ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ወይዘሮ ጥሩዬ የሚባሉ አሮጊት መጡ። አንገታቸው በአንድ በኩል አብጦ መግል ይዟል፤ የአንገት ቲቢ እንደሆነ ይርጋ ገና ከበሩ ላይ አወቀ። ንቅሳታቸው ግን አስገረመው፤ ከአገጫቸው እስከ ደረታቸው ተደርድሯል።

“ሲነቀሱ አላመመዎትም?” አላቸው፣ መግሉን ለማፍሰስ እያደነዘዘ።

“አሟል እንጂ! ሦስት ሴት ነው የያዘኝ። ያኔ የጋይንት ጎረምሳ ነጭ አንገት አይወድማ። አሁን ቢያዩኝ ያን ሁሉ የጮኸችው ለዚህ ሽብሽብ ነው ወይ ይሉኛል።”

ይርጋ እየሳቀ ቀደደ። መግሉ ወጣ። ከመግሉ ኋላ፣ ሕመሙ ባልደረሰበት ጥግ፣ አንዲት ጤነኛ ንፍፊት ብቅ አለች። ጥቁር ነበረች።

እጁ ቆመ። አሮጊቷን ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግራቸው ጣት መካከል አገላብጦ አየ። ምልክት የለም፣ እባጭ የለም፣ ጠባሳ እንኳ የለም። ከቲቢው በቀር ጤነኛ ሰው ናቸው።

“ዶክተር፣ ምን ሆኑ?” አለች አሰለፈች።

“ንቅሳቱ” አለ። “ንቅሳቱ ወርዷል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው ጥላሸቱን በቆዳ ውስጥ ሲቀብረው፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ልጃገረዶቹን የሚያሳፍራቸው እሱ ነው። ጥቂቱን ግን ሰውነት እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ያነሣዋል፤ በቀጫጭን መስመሮች እያጓዘ ንፍፊት ውስጥ ያራግፈዋል። ንፍፊት የሰውነት ማጣሪያ ናት፤ የያዘችውን አትለቅም። ስለዚህ አንገቱን የተነቀሰ ሰው ሁሉ፣ ቢከፈት፣ ውስጡም ተነቅሶ ይገኛል ማለት ነው። ይርጋ የስንቷን ልጃገረድ አንገት በጨው ሲፍቅ ከርሞ፣ ከዚያ በታች ምን እንዳለ አንድ ቀን አላሰበም።

ግን ገምቶ መተው አልቻለም። መለያ ዘዴ ያስፈልገዋል። ትዝ ያለው የአባቱ ቀለም ነው። መምህር ወልደማርያም የጻፉበት ብራና ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ቀዩ ቀለም ሲገረጣ ጥቁሩ እንዳለ ይቀር ነበር፤ ጥላሸት የሚያነጣው ነገር የለም። ሰውነት የሚሠራው ጥቁር ግን ይነጣል። ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠጉር ሲነካ ያቀላዋል፤ የካንሰሩም ጥቁረት ከጠጉር ጥቁረት ጋር አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ጥቁሮች በአንድ ውሃ ነክሮ ማየት ነው!

ከመስኮቱ ላይ ሁለት ጠርሙስ አወረደ። አንዱ የአንድ ገበሬ ተረከዝ እባጭ ነው፤ ካንሰርነቱ የማያጠራጥር። ሌላው የውባለም ንፍፊት። ከሁለቱም በምላጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቁራጭ ላጠ፣ በየብርጭቆው አደረገ፣ ያለውን ፐሮክሳይድ ሁሉ ገለበጠባቸው። አሰለፈች፣ “ለቁስል ማጠቢያ ምን ሊቀረን ነው?” ብላ ተቆጣች። አልሰማትም። በየጊዜው እየተነሣ ያያል፣ ያነቃንቃል።

በማግሥቱ የተረከዙ ቁራጭ ቀለሙ እንደ ገለባ ሆነ። የውባለም ቁራጭ እንደ ነበረ ነው። ለወባና ለቲቢ በሚገለገሉበት ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገው፤ ጥቁሩ እንደ ተፈጨ ከሰል ብናኝ ሆኖ ታየው፣ በመካከሉ የካንሰር አንድ ምልክት የለም።

“አሰለፈች! ነይ እዪ!” ብሎ ጮኸ። “እዪው፣ አልነጣም! ጥላሸት ነው፤ ንጹሕ ጥላሸት! እንዲህ ያለ ነገር…” እያለ ማይክሮስኮፑን ወደ እሷ ገፋላት። ፊቱ በርቶ ነበር። ከአባቱ ፍቅፋቂ ሥር ጠጉር የሌለው የብራና ጥግ ብቅ ሲል የሚደሰተው ዓይነት ደስታ ነው።

አሰለፈች ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች።

“ታዲያ ውባለም?” አለችው።

ይርጋ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

የጤና ጣቢያውን መኪና ጦሩ ወስዶታል። በጋይንት በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ጀምሯል፤ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ መካነ ኢየሱስ ይጎርፋል። ይርጋ የቀዶ ጥገና ዕቃውን ቀቅሎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለ፤ ማደንዘዣውን፣ ክሩን፣ ያለውን ጓንት ሁሉ ይዞ በኪራይ በቅሎ ወደ ስማዳ ተነሣ። በመንገድ ላይ የገበሬ ማኅበር ጠባቂ አስቆመው።

“ወዴት ነው ጓድ ዶክተር?”

“ወገዳ።”

“ሰው ከዚያ ሲሸሽ እርስዎ ወደዚያ? ምን ጠፍቶብዎት?”

“የምቆርጣት ምልክት አለች” አለ። ጠባቂው ፈዞ አየውና ገመዱን ዝቅ አደረገለት።

መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ ሄደ። ከግንቦት እስከ ኅዳር። ያኔ ንፍፊቷ ንጹሕ ከነበረች፣ ካንሰር ሁሉ እንዲህ አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ አለ። ምልክቷን በሰፊው ይቆርጣል፤ ከአንገቷ ጎን ቆዳ አንሸራትቶ ይሸፍነዋል። ንቅሳቱ ወደ ጉንጯ መውጣቱ አይቀርም፤ አንድ መስቀል መንጋጋዋ ላይ ታርፋለች። ይህን ሲያስብ ፈገግ ማለቱ ለራሱም ታወቀው።

ሐረገ ወይን ደጅ ላይ ልጅቷን አዝለው አገኛቸው። እጃቸው ጸድቷል፤ ከጥፍራቸው ሥር ጥቁር የለም። ከግንቦት ወዲህ መርፌ እንዳልያዙ፣ ሙሽሮችን ሁሉ እንደሚመልሱ ኋላ ነው የሰማው።

“እግዚአብሔር ያክብርዎት” አሉ፣ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ እያሉ። “በዚህ ጊዜ መጥተው አዩልኝ!”

ውባለም መደብ ላይ ተኝታለች። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሽታ ግን ነጠላ አይሸፍነውም። እናቷን ውኃ አምጪልን ብላ ከቤት አስወጣቻቸው። ከዚያ ነጠላውን ገለጠች። ማርያም የሳመቻት ቦታ ፈርጦ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ቁስል ሆኗል።

“ፊቴን ያስቀሩልኝ መስሎዎት ነበር” አለች። “አልቀረም።”

ይርጋ እጁን በአልኮል አሸ። አንገቷን ዳሰሰ። አሁን የሚንከባለል ነገር የለም፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከአጥንቷ ጋር ተጣብቋል። በጀርባዋ አስተኛትና ከቀኝ ጎድኗ ሥር ጣቶቹን አስገባ። ጉበቷ ወደ ታች ወርዶ፣ ጠርዙ እየጎረበጠ ተቀበለው። ዕቃ የጠቀለለበትን ጨርቅ አልፈታውም።

“ሊቆርጡልኝ ነበር የመጡት?”

“አዎ።”

“አሁንስ?”

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ነገራት። ሊተወው ይችል ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። ያኔ ያየው ጥቁር ካንሰር እንዳልነበረ፣ የንቅሳቱ ጥላሸት ወርዶ እንደ ነበር፣ እሱ ግን እንደ ተማረው ብቻ እንዳየው፣ እያስረዳ ነገራት። ለሹሙ እንዳስረዳው ዓይነት አልነበረም፤ ቃላቱ አጠሩ።

ውባለም ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች።

“ያኔ ቢቆርጧት እድን ነበር?”

“ምናልባት። ሳትድኚ አትቀሪም ነበር ብዬ አስባለሁ።”

ከደጅ ሕፃኗ ስታለቅስ፣ ሐረገ ወይን ሲያባብሏት ተሰማ። ውባለም ክንዱን ያዘችው፤ አጥንት ብቻ የቀረው እጅ እንዲህ ይጨብጣል ብሎ አላሰበም።

“ለእማ እንዳይነግሯት።”

“ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ነው የምነግራቸው።”

“እርስዎ ‘የኔ ጥፋት’ ቢሏት አትሰማዎትም። እሷ የምትሰማው ‘ጥላሸት’ የሚለውን ብቻ ነው። በእጄ ገደልኳት ትላለች። አይናለምን ማን ሊያሳድግልኝ ነው? በዚያች እጅ እኮ ነው የምታጎርሳት።”

“ውባለም…”

“ማሉልኝ።”

ማለላት።

ቁስሉን አጥቦ፣ ሽታውን የሚቀንስ መድኃኒት ነስንሶ፣ በያዘው ፋሻ ሁሉ ጠቀለለላት። የሕመም ማስታገሻውን ትራስጌዋ አስቀመጠ። ከዚህ በላይ የሚያደርገው አልነበረም። ንስሐ አባቷ ቀድመው መጥተው አቁርበዋታል።

ሐረገ ወይን በቅሎዋን እየሳቡ እስከ ወንዙ ሸኙት። በጋይንት በኩል መድፉ ያጉረመርማል። ልጅቷ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። ወንዙ አፋፍ ሲደርሱ ልጓሙን ሳይለቁ ቆሙ።

“ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አሉ። “ያኔ ‘ጠቁሮ ቆየኝ’ ያሉኝ… የኔ ጥላሸት ነው የገደላት?”

ይርጋ አቀበቱን አየ። ከዚያ እሳቸውን አየ።

“አይደለም፣ እናቴ” አለ።

“እንዴት አወቁ?”

ሕይወቱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሲዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱ ብርጭቆዎች፣ የገለባው ቀለም፣ የአባቱ ብራና፣ ሁሉም አፉ ላይ ደረሰ።

“አውቃለሁ” አለ ብቻ።

ሐረገ ወይን ልጓሙን ለቀቁለት። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁት፤ እጅህን ይባርክልህ፣ ዓይንህን ያብራልህ አሉት፣ ከአንጀታቸው ‘አንተ’ እያሉ። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ አሜን እያለ ቆመ።